ድስቱ አንድ፣ እንግዳው አሥራ አራት

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ካገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው የምንኖረው። እስከ ዛሬ በዓል ሲመጣ እናቴ ቤት በልቼ ነው የምመለሰው። ዘንድሮ አማቴ “የገናን ዶሮ የምበላው ልጄ ቤት ነው” አሉና አለቀ። እሳቸው፣ የባሌ ወንድሞችና እህቶች ከነልጆቻቸው፣ እናቴ፣ ታናሽ እህቴ፣ ጎረቤታችንና ባለቤቷ፣ እኛን ጨምሮ 14 ሰው ነው። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። ያለኝ 12 ሺህ ብር ነው። ምድጃዬ ባለ ሁለት ዓይን ስቶቭ ነው። መብራት ሲጠፋ ከሰል አለ። ገና ረቡዕ ስለሚውል ዋዜማው ማክሰኞ ሥራ ነኝ፤ ቤት የምደርሰው 12 ሰዓት ነው። ባሌ “ቢሮ ቅርጫ እየተመዘገበ ነው፣ እንግባ” ይላል። እህቴ “ከሆቴል እዘዢና ተገላገይ” ትላለች። እኔ ያሰብኩት ዶሮ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ሰላጣና ኬክ ነበር። ስደምረው ብሩ እጥፍ መጣ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ልቀንስ? እንግዳን ይዘህ ና ማለትስ ነውር ነው?
ግራ የገባት፣ ከልደታ»

ልጄ፣ ያን የጻፍሽበትን ወረቀት አምጪና ብዕር ያዢ። ክትፎውን ሰርዢ። ጥብሱን ሰርዢ። ቀይ ወጡን፣ አልጫውን፣ ኬኩን ሰርዢ። ምን ቀረ? ዶሮና ሰላጣ። በቃ፣ ከዚህ እንነሳ።

አትደንግጪ። እስቲ የእንግዶችሽን ሆድ አስቢ። ከኅዳር 15 ጀምሮ በሽሮና በምስር የከረመ ሰው ረቡዕ ጠዋት የሚያምረው አንድ ነገር ነው፤ ዶሮ ወጥ። ሌላውን ብታቀርቢለት ለይሉኝታ ይቀምሳል እንጂ ዓይኑ ድስቱ ላይ ነው። ደግሞም ከ40 ቀን በላይ ቅቤ ያላየ ሆድ ዶሮ፣ ክትፎና ጥብስ ባንድ ቀን ሲወርድበት ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ።

በሁለት ዓይን ስቶቭ አምስት ዓይነት ወጥ የጀመረ ሰው አንዱንም በቅጡ አያበስልም። አማትሽ ቤታቸው ተመልሰው «ስድስት ዓይነት አቀረበችልን» ብለው አያወሩም። የሚያወሩት «ቁሌቱ በስሏል» ወይም «ሽንኩርቱ ይታያል» ብለው ነው። ፍርዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ብርሽም ጉልበትሽም አንድ ድስት ውስጥ ይግባ። ከ12 ሺሁ ግማሹን ለዶሮው ወጥ ብቻ መድቢ። የቀረው ለእንጀራው፣ ለጎን ምግቡ፣ ለቡናውና ላልታሰበው ይበቃል። የእያንዳንዱን ዋጋ አልጽፍልሽም፤ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተቀይሮ ይጠብቅሻል።

የቅርጫውን ነገር ለባልሽ እኔ ልንገርልሽ። ቅርጫ ጥሩ ነገር ነው። በኪሎ ሲሰላ ከሥጋ ቤት ይረክሳል፣ ከየብልቱም ይደርስሻል። ግን ቅርጫ የአንድ ቀን ግብዣ አይደለም፤ የወር አስቤዛ ነው። ሥጋው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በበዓሉ ጠዋት ነው፤ ጥሬውን፣ ከነአጥንቱ፣ ባልሽ ተሸክሞት። እንግዳ ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው አራተኛ ፎቅ ላይ ጨጓራ ስታጥቢ ይታይሽ። ውሃ ፈረቃሽ ባልሆነበት ቀን ቢሆን ደግሞ አስቢው። ለዚህ ገና ይቅር። ባልሽ አልሰማም ካለ ከእናትሽ ጋር ግማሽ ግማሽ ተካፈሉና ሥጋው እሳቸው ቤት ይውረድ። እሳቸው ቋንጣውን ዘልዝለው ያደርቁላችኋል። ብሩ ግን ከዚህ 12 ሺህ አይነካ።

እህትሽ ክፋት የላትም፣ ስለ ድካምሽ አስባ ነው። ቢሆንም ለ14 ሰው ዶሮ ወጥ ከሆቴል ስታዢ የምትከፍዪው ብር ዶሮውን ገዝተሽ፣ ቅቤውን ገዝተሽ፣ ለታክሲም ይተርፍሻል። አማትሽም በመጀመሪያዋ ጉርሻ ያውቁታል። ከሰው እጅ የሚገዛ ሌላ ነገር አለ፤ እንጀራና አይብ። እነሱን ራሴ ካልሠራሁ ብለሽ ወገብሽን አትቁረጪ። እንጀራውን ለጋጋሪዋ ቢያንስ ከአምስት ቀን በፊት ንገሪያት፤ በዋዜማው ብትሄጂ ሰልፉ ራሱ ሌላ ገና ነው። ለአንድ ሰው አንድ ተኩል ብለሽ አስቢ። 14 ሰው 21 እንጀራ ነው፤ አራት ጨምሪና 25 እዘዢ።

በነገራችን ላይ ከእንግዶችሽ አንዱ «ረቡዕ አይደል እንዴ፣ ይበላል?» ማለቱ አይቀርም። ይበላል። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውሉ ጾሙ አይያዝም።

አሁን ወደ ገበያው። የበዓል ወጪ የሚያብጠው በምግቡ ብዛት ብቻ አይደለም፣ በመግዣው ቀንም ነው። ዋዜማ ላይ የሚገዛ ሰው የሻጩን ዋጋ ይከፍላል፤ አማራጭ የለውማ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምረሽ የማይበላሸውን አስገቢ። ሽንኩርት አየር ባለበት ቦታ ይቆያል። በርበሬና ቅመም ይቆያል። ቅቤ ሲነጠር ይቆያል። እንቁላል ሳምንት ቢቀመጥ እንዲያውም ይሻላል። ሰንበት ያለ እንቁላል ተቀቅሎ ሲላጥ ልጣጩ ቶሎ ይለቃል። የዛሬው እንቁላል ግን ነጩን ይዞ ይነሳና ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርገዋል። ወጥ ውስጥ ሲገባ ያሳፍራል።

መርካቶ ለአንቺ ቅርብ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ከባልሽ ጋር ሄዳችሁ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ቅመሙን ጨርሱ። ቅዳሜና እሁድ በየሰፈሩ የሚቆመውም ገበያ ለአትክልት ጥሩ ነው። በርበሬውን ግን ከማታውቂው ሰው አትግዢ። ከእናትሽ ማሰሮ ተቀበዪ። ለዚህ ማንም አይቀየምሽም፤ በርበሬ ከእናት ቤት ይወጣል፣ ደንብ ነው።

ቅቤው ላይ ቆም ልበል፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። እኔም እንዳንቺ የመጀመሪያ በዓሌን አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት ውስጥ አዘጋጀሁ። ቅቤውን በዋዜማው ማታ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ እየተጋፋሁ ገዛሁ። አላሸተትኩትም። ቤት ገብቼ ሳነጥረው ግማሹ ነጭ አተላ ሆኖ ከሥር ተቀመጠ። የቀረው ቅቤ ቅቤ አይሸትም። ሰዓቱ አራት ሰዓት ማታ ነው፣ የት ይኬዳል? እሱኑ ጨመርኩት። በማግስቱ አማቴ ቀምሰው ትንሽ ዝም አሉና «ለጤና ጥሩ ነው» አሉኝ። ይኸው ስንት ዓመት ሆነው፣ ይህቺን ቃል አልረሳኋትም።

አንቺ ግን አሁኑኑ ግዢ። ለሁለት ዶሮ ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ ይበቃሻል። ትንሽ ቆንጥረሽ መዳፍሽ ላይ አሺው፣ አሽትቺው። ቤት ስትገቢ በቀስታ እሳት በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሪው። ማታለያ ካለበት በጊዜ ታውቂያለሽ፣ ሌላ ለመግዛት ቀን አለሽ።

«ሁለት ዶሮ ለ14 ሰው?» እንዳትዪ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። ሁለት ዶሮ 24 ነው። ጎረቤቶችሽ የእናንተን እርድ አይበሉም፤ የሚቀረው 12 ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ብልትና አንድ አንድ እንቁላል ደረሰው ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው መረቁን በእንጀራ ይጥረግ። እንቁላሉን 20 አድርጊው፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሻለሁ።

ሁለቱም የሀበሻ ዶሮ መሆን የለባቸውም። አንዱን የሀበሻ፣ አንዱን የፈረንጅ አድርጊ። ለወጡ ጣዕም የሚሰጠው የሀበሻው ነው፤ የፈረንጁ ደግሞ ሥጋ አለው፣ ታጥቦ ተገነጣጥሎ ነው የሚመጣው፣ ኪስም አይጎዳም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቂ፤ አብረሽ አታግቢያቸው። የሀበሻው እስኪበስል የፈረንጁ ተፈርፍሮ ቃጫ ይሆናል። የሀበሻው ቀድሞ ይግባ። ሊበስል ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው የፈረንጁ ይከተል።

የሀበሻውን ዶሮ ከነሕይወቱ ገዝተሽ በረንዳ ላይ እስከ ዋዜማ ላስቀምጥ እንዳትዪ። አንድ ጎረቤቴ እንዲህ አድርጋ አውራው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሕንፃውን በሙሉ ቀሰቀሰው። እሁድ ግዢው፣ ባልሽ ወይ ከታች ያሉት ልጆች ይረዱት፣ እሁድኑ ገነጣጥለሽ አጥበሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ፍሪዘሩን ደጋግመሽ ካልከፈትሽው መብራት ትንሽ ቢሄድም አይፈታም። እሁድ ያልኩሽ ለውሃውም ነው። ዶሮ ማጠብ ውሃ ይጨርሳል፣ ያውም ፀጉሩ ተነቅሎ፣ ተለብልቦ፣ በጨው በሎሚ ታሽቶ ነው። ጀሪካኖችሽን ዓርብ ሙያቸው።

ዋናው ሥራ ቁሌቱ ነው። እሱም እሁድ ያልቃል።

ለሁለት ዶሮ አራት ኪሎ ሽንኩርት ያስፈልግሻል። ባልሽ «ምን ላግዝ?» ካለሽ ቢላና መክተፊያ ስጪው። ቢያለቅስም ሽንኩርቱ ነው፣ ደህና ነው። ደቅቆ ይከተፍ። በብሌንደር እንፍጨው ካለ እምቢ በዪው፤ ሽንኩርቱ ውሃውን አውጥቶ ይመርራል። ከዚያ አራቱን ኪሎ አንድ ድስት ውስጥ አትጠቅጥቂው። ስቶቭሽ ሁለት ዓይን አለው፤ ሁለት ድስት አድርጊውና ሁለቱንም ለኩሺ። ሽንኩርቱ ሲሟሽሽ አንዱን ወደ አንዱ ገልብጪ። ከግማሽ በታች ይወርዳል።

መጀመሪያ ዘይት የለም። ውሃም የለም። ደረቅ ድስት፣ ሽንኩርትና ማማሰያ ብቻ። ውሃውን ራሱ ያወጣል፣ ያንኑ መልሶ ይጠጣል። ከሥር ያዝ ሲያደርግ የፈላ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አማስዪ። አንድ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሽታው ሦስት ጊዜ ይቀየራል። መጀመሪያ ዓይን ያቃጥላል። ከዚያ ቅቅል ቅቅል ይሸታል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ በሰለ ብሎ በርበሬ ይጨምራል። ቆይ። ጣፈጥ ያለ ሽታ እስኪመጣ፣ ቀለሙም ቡናማ እስኪመታ፣ ማማሰያው ሲያልፍበት መንገዱ ሳይዘጋ ቆይቶ እስኪታይ ቆይ። ያኔ ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን። ሩብ ኪሎ ግድም፣ እንደ በርበሬው ኃይል። እንደገና አንድ ሰዓት። ዘይቱ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ሲወጣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ታገቢና ትንሽ አቁላልተሽ ታወርጂዋለሽ።

አሁን አንድ የማንም መጽሐፍ የማይነግርሽን ነገር ልንገርሽ። ዋዜማ ላይ ዶሮ ወጥ የምትሠራ ጾመኛ ሴት የሠራችውን አትቀምስም። ቅቤው ከገባ፣ ዶሮው ከገባ ምላስ አይነካውም። በዚህ ምክንያት ስንት ወጥ ጨው አጥቶ ወይም ጨው ሆኖ ቀርቧል! እናቴ ክዳኑን ከፍታ በእንፋሎቱ ነበር የምታውቀው፤ እኔ ግን ያ አፍንጫ የለኝም፣ አንቺም ገና ነሽ። መፍትሔው እሁድ ላይ ነው። ቁሌቱ በዘይት የተሠራ የጾም ምግብ ነው፣ ይቀመሳል። ጨውን እዚያው ላይ አስተካክዪ፤ ግን ትንሽ ይጉደል። ማክሰኞ ዶሮውንም ውሃውንም ስትጨምሪ ምን ያህል ጨው እንደምታክዪ በማንኪያ ቆጥረሽ አስቀድመሽ ወስኚ። የጎደለ ጨው ገበታ ላይ ይሞላል፣ የበዛ ግን አይመለስም።

ቁሌቱ ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይግባ። እስከ ማክሰኞ ምንም አይሆንም። እሁድ መብራት ከጠፋ በከሰል ሥሪው፤ ግን ከሰሉ በረንዳ ላይ ይሁን፣ ኩሽና ዘግተሽ እንዳትሠሪ። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል። ይህን ቀልድ አታድርጊው።

ሰኞ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ዶሮዎቹን ከፍሪዘር አውርደሽ ከታች ፍሪጁ ውስጥ ተያቸው። ማክሰኞ 12 ሰዓት ስትገቢ ተፈትተው ይጠብቁሻል። በሎሚና በጨው ለቅለቅ አድርጊያቸው። ቁሌቱን አሙቂ፣ ቅቤውን ጨምሪ፣ የሀበሻውን ዶሮ አስገቢ። እሱ ሲፈላ በሌላው ዓይን እንቁላሉን ቀቅዪ። የፈረንጁ ዶሮ ይከተል፣ በመጨረሻ መከለሻና የተላጠው እንቁላል። እንቁላሉን በቢላ ጫፍ ጫር ጫር አድርጊው፣ ወጡ ይግባበት። አራት ሰዓት ሳይሞላ ታወርጂዋለሽ፤ ቤተ ክርስቲያን ማደር ለሚፈልግም ጊዜ አለው። ሲቀዘቅዝ በሁለት ዕቃ ከፍለሽ ፍሪጅ አስገቢ። ጠዋት እስኪንተከተክ ይሙቅ። ያደረ ዶሮ ወጥ ከትኩሱ ይጥማል፣ ይሄን አማትሽም ይመሰክራሉ።

ጎረቤትሽን ስለጠራሽ ደስ ብሎኛል። ልደታም ሆነ ሌላ ሰፈር ያደገ ሰው ደንቡን ያውቃል፤ ሥጋው አይቀርብላቸውም፣ ድስቱም ማንኪያውም ይለያል። ስለዚህ ሦስት ነገር በዘይት ብቻ ሥሪ፤ ቀይ ምስር ወጥ፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ፣ ድንችና ቀይ ሥር ሰላጣ። ድስት እንዳትገዢ። ከራሷ ከጎረቤትሽ ተዋሺ፤ «ምስሩን ባንቺ ድስት ልሥራው» ብትያት ያለ ብዙ ንግግር ገብቷት ሳህንም ትጨምርልሻለች። እንቁላሉን 20 ያልኩሽ አንዱ ለዚህ ነው። አራቱን ለብቻ ቀቅለሽ ከሰላጣው ጎን አስቀምጪላቸው። አይቡም ይቅረብላቸው።

ይህ የጎን ምግብ ለነሱ ብቻ አይምሰልሽ። ልጆቹ በርበሬ የበዛበትን አይበሉም፤ ጎመን በአይብ ግን ይጨርሳሉ። አዛውንቶቹም ሆዳቸውን ቀስ አድርገው ይፈቱበታል። ዋጋው ደግሞ ከአንድ ኪሎ ጥብስ በታች ነው።

ወደ ነውሩ ጥያቄሽ ልምጣ። «ይዛችሁ ኑ» ማለት ነውር አይደለም። እኛ አገር በበዓል ባዶ እጁን ሰው ቤት የሚገባ ማን አለ? ይዘው ይመጣሉ፤ ችግሩ ሁሉም አንድ ዓይነት ይዘው መምጣታቸው ነው። ካልተናገርሽ ሦስት ኬክና አራት ደርዘን ለስላሳ ይገባና ዳቦ ይጠፋል። ስለዚህ ቀድመሽ አከፋፍዪ፣ በስም።

ድፎው የአማትሽ ይሁን። ደውዪላቸው፤ «እማዬ፣ ድፎ እንደ እርስዎ አይወጣልኝም፣ የእርስዎ እጅ ያለበትን ዳቦ ቤቴ ላስቆርስ» በያቸው። ውሸት አይደለም፤ አንቺ ኮባ ቅጠሉን ዘርግተሽ ድፎ በስቶቭ መጋገር ጀምረሽ ያለ ዕረፍት ከምትውዪ ይሻላል። እሳቸውም በዚያች ደቂቃ ከፈታኝነት ወደ ባለቤትነት ይዞራሉ። የራሳቸው ዳቦ ያለበትን ገበታ ማን ያማል? የባልሽ ወንድሞች መጠጡን ይቻሉት፤ ቢራውንም ለስላሳውንም። እናትሽ ጠላ ካላቸው በጀሪካን ያምጡ፤ አንቺ አሁን ጠላ ልጥመቅ ብትዪ ጊዜው አልፏል። «ከሆቴል እዘዢ» ያለችው እህትሽ ቡናውን ታፍላ፤ ምክር መስጠት ብቻ አይደለም።

ኬኩን ባልሽ አጥብቆ ከፈለገ በራሱ ኪስ ይግዛ። ከዶሮ በኋላ ኬክ የሚበላ ትልቅ ሰው አላየሁም። ለልጆቹ ፈንዲሻ አፈንጂላቸው፤ አንድ ኪሎ በቆሎ ቤቱን ይሞላዋል። ቄጠማ ደግሞ እንዳትረሺ። ዋዜማ ማታ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፣ በጣም ርካሽ ነው፣ ሳሎንሽ ላይ ስትጎዘጉዢው ግን በር የሚከፍት ሰው ሁሉ ገና መሆኑን በአፍንጫው ያውቃል። ዕጣኑ ሲጨመርበት የቤቱን ጥበት ማንም አያስታውስም።

መቀመጫውም አያስጨንቅሽ። 14 ሰሃን መደርደር የለብሽም። ሦስት ትሪ አዘጋጂ፤ አንዱ ለትልልቆቹ፣ አንዱ ለወጣቶቹ፣ ሦስተኛው ለልጆቹ። ጎረቤቶችሽ በራሳቸው ሳህን ከሁሉም ጋር ይቀመጡ፣ ጥግ አይሰጣቸው። ሲወጣ አንቺ አውጪ፣ ድስቱን ለማንም አትስጪ። ፈረሰኛውን ለአማትሽ፣ መላላጫውን ለእናትሽ፣ ክንፎቹን ለልጆቹ። የባልሽ ታላቅ ወንድም ካለ እሱን አትርሺ፤ ብልት የተረሳበት ሰው እስከ ፋሲካ ያስታውሳል። አንድ ዙር አውጥተሽ ሁሉም ከደረሰው በኋላ ሁለተኛውን ጀምሪ። 24ቱን ባንድ ጊዜ ከገለበጥሽው ፈጣኑ ሦስት ይበላል፣ ዓይን አፋሩ እንቁላል ይዞ ይቀራል።

ሌላው የ20 እንቁላል ምስጢር ይኸውልሽ። 12 ለበይዎቹ፣ 4 ለጎረቤቶችሽ፣ 2 ሲላጥ ለሚቆረስ። ሁለት ቀረ። እነሱን ማክሰኞ ማታ ወጡን ስታወርጂ በአንዲት ትንሽ ዕቃ ከጭልፋ መረቅ ጋር ፍሪጁ ጥግ ውስጥ፣ ከሎሚው ኋላ ደብቂያቸው። ሐሙስ ጠዋት፣ ሳህኑ ሁሉ ሳይታጠብ፣ ቄጠማው ረግፎ፣ አንቺና ባልሽ በተረፈው እንጀራ ፍትፍት አድርጋችሁ ብሉት።